የኑዕማን አጋዘን

አሜሪካ ውስጥ፣ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ዳገቱ ላይ ካሉት ቤቶች በአንደኛው፣ ምድር ቤቱን ተከራይቶ ኑዕማን የሚባል ሰው ይኖራል። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ዕጣ ወጥቶለት አሜሪካ ሲገባ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ አሁን ጢሙ ላይ ነጭ ጣል ጣል ማለት ጀምሯል። እዚያው ከተማ ሶዶ በሚባለው ሰፈር ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ያራግፋል። እዚያ ሰው ከሰው ጋር ብዙ አይነጋገርም፤ ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ የየራሱን እያዳመጠ ይሠራል። ቤቱ ሲገባም የሚቀበለው የማቀዝቀዣው ጉርምርምታና ከጣሪያው በላይ የምትመላለሰው የቤቱ ባለቤት ኮቴ ነው። አንድ ወንበር አለው። አንድ ወንበር ያለው ሰው እንግዳ አይጠራም፤ እንግዳ የማይጠራ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ወንበር አይገዛም። እንዲህ እያለ ስምንት ክረምት አለፈ።

ግድግዳው ላይ ግን ደጋን ሰቅሏል።

ደጋኑን ያስለመዱት ጋሼ ኃይለ መስቀል ናቸው። የመንዝ ሰው ናቸው፤ በዚያው መጋዘን ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ። አሜሪካኖቹ ጠመንጃ ይዘው አደን ሲወጡ እሳቸው ለምን ደጋን እንደሚይዙ የጠየቃቸው ሰው ካለ፣ «የጥይት ድምፅ ድርሻዬን ጨርሻለሁ» ይላሉ።

ሁለቱ አብረው ጫካ መውጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። ድንኳን ውስጥ ዳቦውን፣ ሻዩን፣ ሰርዲኑን አብረው ይበላሉ። ጋሼ ኃይለ መስቀል አጋዘን የጣሉ ዕለት ግን ኑዕማን ጭኑን ተሸክሞ እስከ መኪናው ያደርሳል እንጂ ሥጋውን አይቀምስም። በስመ አብ ተብሎ የወደቀ የክርስቲያን ነው፤ ቢስሚላህ ተብሎ የወደቀ የእስላም ነው። ይህን ሁለቱም ከየእናታቸው ጓዳ ይዘውት የመጡ ነገር ስለሆነ፣ አንዱ ሌላውን አስረዳኝ ብሎ አያውቅም።

የሚከራከሩት በሌላ ነገር ነበር። በቀስት ክብደት።

ጋሼ ኃይለ መስቀል ቀላል ቀስት ይወዳሉ። ቀጭን፣ ከሲታ፣ ጣት ላይ ቢያስቀምጡት ያለ የማይመስል። ሲለቁት ቀጥ ብሎ ይበራል፤ ሩቅ ቢሆንም ብዙ ዝቅ አይልም። የኑዕማን ደግሞ ከባድ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ስለት ወፍራም ብረት ነው፤ ዘንጉም እጅ ይሞላል። ሲለቀቅ ደጋኑ እንኳ ብዙ አይጮህም፤ ቀስቱ ግን ትንሽ እንደሄደ ወደ መሬት ማዘቅዘቅ ይጀምራል። ስለዚህ በከባድ ቀስት የሚያድን ሰው መቅረብ አለበት። ቅጠሉ ሳይንኮሻኮሽ፣ ነፋሱ ጠረኑን ሳይወስድበት፣ የአጋዘኑን ሽፋሽፍት እስኪያይ ድረስ።

«ያንተ ቀስት እኮ የሚበር አይደለም» ይሉታል ጋሼ ኃይለ መስቀል፣ መለማመጃው ሜዳ ላይ። «በእግሩ ነው የሚሄደው። ብትጠራው ዞሮ አቤት ይልሃል።»

«የእርስዎስ? ነፋስ ከተቆጣው ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው።»

«ሦስት አጋዘን ገድሏል የኔ። ያንተ ስንት ገደለ?»

ኑዕማን ቀስቱን ሊለቅም ይሄዳል። ምንም አልገደለም። በየዓመቱ አጋዘን ያያል፤ በየዓመቱም ሩቅ ነው ብሎ ይተወዋል። ምክንያቱን ለሰው አይናገርም እንጂ አለው። ልጅ ሆኖ መድረሳ ውስጥ የአደንን ሥርዓት ሲማር፣ ቀስት በስለቱ ወግቶ ከገደለ ይበላል፣ በጎኑ መትቶ ከገደለ አይበላም የሚለው ልቡ ውስጥ ቀርቷል። ከባዱ ቀስት ይወጋል። ገብቶ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። አውሬውም ብዙ ሳይሄድ ይወድቃል፤ ጥርጥር የለውም። ኑዕማን ጥርጥር የሌለበትን ነገር ይወዳል። ምናልባት ወንበሩም አንድ የሆነው ለዚህ ይሆናል።

ጁምዓ ጁምዓ ግን ከሰው ጋር ይገናኛል። ከሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ወሎዬዎቹ ትንሽ ቆመው ይጫወታሉ፤ ኑዕማንም ጠርዝ ላይ ቆሞ ይሰማል። በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ነገር ተናግሮ መሃላቸው መግባት ስለፈለገ፣ «ዘንድሮ አጋዘን ገድዬ ምሳ አበላችኋለሁ» ብሎ ነበር። ሁሉም ደስ አላቸው። አጋዘኑ ግን አልመጣም። በሁለተኛው ዓመትም አልመጣም። ከዚያ በኋላ «የኑዕማን አጋዘን» ማለት በእነሱ ዘንድ የማይደርስ ነገር ሁሉ ስም ሆነ። የደሞዝ ጭማሪ የኑዕማን አጋዘን ነው። የፓስፖርት ቀጠሮ የኑዕማን አጋዘን ነው።

ዘንድሮ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ አሕመድ እንደገና አነሣው። አሕመድ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር የሞባይል ሱቅ ያለው፣ ሆዱ ሳይሞላ የማይቆጣ፣ ሞልቶም የማይቆጣ ቀልደኛ ነው።

«እናንተ፣ ዛሬ ፀሐይ ትወጣለች ተብሏል!» አለ ዝናቡን ቀና ብሎ እያየ።

«ማን አለ?» አለው አንዱ።

«ኑዕማን ነዋ! ከአጋዘኑ ጋር ነው የምትመጣው።»

ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። ኑዕማንም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ሳያስበው አፉ ቀደመው።

«የሚመጣው ሳምንት እሑድ ምሳ እኔ ቤት ናችሁ። ሥጋው አለ።»

ሳቁ ቆመ። «ወላሂ በል» አለው አሕመድ።

«ኑ ብያለሁ፣ ኑ።»

«ሶ ገደልክ? ማሻ አላህ! ስንት ሰው ይዤ ልምጣ?»

«እዚህ ያላችሁትን ሁሉ።»

አሕመድ ትከሻውን አቀፈው። ሰው ትከሻውን ከያዘው በጣም ቆይቶ ስለነበር፣ ኑዕማን ያን ጊዜ እውነቱን ሊናገር የነበረው ምላሱ ተሳሰረ። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ብቻ ያለውን አሰበው። የሌለ ሥጋ ላይ እንግዳ ጠርቷል። አሁን አጋዘኑ ካልተገኘ ቀልዱ ቀልድ ሆኖ አይቀርም፤ ውሸታም ይባላል፤ ያቺ ጠርዝ ላይ የሚቆምባት ቦታውም ትሄዳለች።

በዚያው ምሽት ጋሼ ኃይለ መስቀል ዘንድ ደወለ።

«ቀስትዎን ያውሱኝ» አለ። «ቀላሎቹን።»

«ምን ነካህ? ተጣልታችሁ ነው ከከባዱ ጋር?»

ነገራቸው።

«በጥቂት ቀን እጅህ አይለምደውም» አሉ ጋሼ ኃይለ መስቀል። «ማነጣጠሪያህም ይለያል። ከባድ የለመደ እጅ ቀላሉን ያበርረዋል እንጂ አያደርሰውም። ግን ውሰድ። እኔም አብሬህ እመጣለሁ።»

«የገና ጾም ገብቶ የለም እንዴ?»

«ገብቷል። ደጋኔን አልይዝም። ላንተ ብዬ ነው የምመጣው፤ ሰው ብቻውን ጫካ አይገባም።»

ኑዕማን በቀረው ጊዜ ትልቅ ትሪ ገዛ፤ ሳህኖች ገዛ። ወንበር ግን አልነበረውም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ በውጭ ደረጃው ወደ ላይ ወጥቶ የቤቱን ባለቤት በር አንኳኳ። ዶሎረስ ትባላለች፤ ሙሉ ዕድሜዋን የከተማ አውቶቡስ የነዳች፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከቆሻሻ መጣያው ቀን በቀር ሌላ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

«ወንበር?» አለች ዶሎረስ፣ በሩን በከፊል ይዛ። «ጋራዡ ውስጥ ተጣጣፊዎች አሉ። ለባሌ ቀብር የገዛኋቸው ናቸው። ስንት ሰው ነው የሚመጣው?»

«ብዙ» አለ ኑዕማን።

«ጥሩ ነው» አለች። «ታች ሰው መኖሩን አንዳንዴ እረሳለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ወደ ተራራው ግርጌ ወጡ። ጫካው እንደ ሁልጊዜው ያንጠባጥባል፤ ዝናቡ ቢያቆምም ዛፎቹ በራሳቸው ጊዜ መዝነባቸውን አያቆሙም። ከወደቀ ግንድ ጀርባ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሼ ኃይለ መስቀል ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ ጓንታቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የተኙ መስለው ሁሉን ይሰማሉ።

ከቀትር በኋላ አጋዘኑ ፈርን ከሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ውስጥ ወጣ። ወንድ ነበር፤ አንገቱ የደነደነ። ሩቅ ነው። በከባዱ ቀስት ቢሆን ኑዕማን ደጋኑን እንኳ አያነሣም ነበር፤ ይጠብቃል፤ ከቀረበ ቀረበ፣ ካልቀረበም ሄደ። አሁን ግን እጁ ውስጥ ያለው ቀላሉ ነው፤ ቀላሉ ደግሞ ሩቅ የለም ይላል። በዓይኑ ላይ ትሪው መጣበት። ወንበሮቹ መጡበት።

ጋሼ ኃይለ መስቀል ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ «ተው፣ ይቅረብ» አሉ።

ኑዕማን ሳበ። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ ለቀቀ።

ደጋኑ ጮኸ። ቀላል ቀስት ሲለቀቅ የደጋኑ ጉልበት የሚሄድበት ስለሚያጣ ይጮኻል፤ አጋዘኑም ድምፁን ከቀስቱ ቀድሞ ሰማ። ጎንበስ ብሎ ዞረ። ቀስቱ ሳንባው ላይ ሊያርፍ የነበረው የትከሻው አጥንት ላይ አረፈ። ጧ የሚል ደረቅ ድምፅ መጣ፣ እንጨት በእንጨት ሲመታ ዓይነት። አጋዘኑ ቀስቱ ትከሻው ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ገደሉ ወረደ።

«አልገባም» አለ ኑዕማን።

ጋሼ ኃይለ መስቀል ደሙን ለመፈለግ ተነሡ። ነግሬህ ነበር ማለት ይችሉ ነበር።

ደሙ ጥቂት ነበር፤ እዚህ ቅጠል ላይ አንድ ጠብታ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ አንድ ጠብታ። እያጎነበሱ ተከተሉት። ሲመሽ ዝናብ መጣና ያለውንም አጠበው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው አደሩ። ኑዕማን እንቅልፍ አልወሰደውም። ያሰበው ስለ ምሳው አልነበረም፤ የሆነ ቦታ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ በእሱ ምክንያት ሦስት እግር ሆኖ የቆመ ነፍስ እንዳለ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ያገኙት ጋሼ ኃይለ መስቀል ናቸው። «ና! ና!» ሲሉ ሰምቶ ሮጠ።

አጋዘኑ ገደሉ ሥር ከሚሄደው ጅረት ውስጥ ተኝቷል። አካሉ ግማሹ ድንጋይ ላይ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ውሃው ውስጥ ነው። ውሃው በቀንዱ መሃል እየተከፈለ ያልፋል።

«አልሐምዱሊላህ በል እንጂ!» አሉ ጋሼ ኃይለ መስቀል እየሳቁ። «እኔ ልበልልህ? ብርዱም ጠብቆልሃል፤ ሥጋው እንደ ማቀዝቀዣ ነው!»

ኑዕማን ጉልበቱ ድረስ ገባና ቀስቱን ያዘው። ብዙም ሳይታገለው ወጣ። ስለቱ ከጣት አንጓ ያለፈ አልገባም ነበር።

«ጋሼ» አለ። «ይሄ አይበላም።»

«ምን?»

«ውሃ ውስጥ ነው የሞተው። ቀስት የተመታ አውሬ ውሃ ውስጥ ሞቶ ከተገኘ አይበላም። ቀስቱ ይግደለው ውሃው ይግደለው አይታወቅማ።»

«ቀስትህ ባይመታው ኖሮ እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል? ሊዋኝ?»

«አላውቅም። አላውቅም ነው የምልዎት። የማላውቀውን ነው የማልበላው።»

ጋሼ ኃይለ መስቀል ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አሻሹ።

«እኔ ጾም ላይ ነኝ» አሉ። «ባልጾምስ? አንተ ቢስሚላህ ብለህበታል፤ አልነካውም። አየህ አጋዘኑን? ሃይማኖት የሌለው ሆኖ ቀረ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ጅረቱን ሳይሻገር አለቀ። የአገሩ ሕግ ያደኑትን ጫካ ጥሎ መሄድ ይከለክላል። ስለዚህ ማንኛቸውም የማይበሉትን ሥጋ አወራረዱ፣ በጨርቅ ጠቀለሉ፣ ዳገቱን እያለከለኩ አወጡት። ኑዕማን በሕይወቱ እንዲህ የከበደ ነገር ተሸክሞ አያውቅም፤ መጋዘን ውስጥ እንኳ።

መንገድ ላይ ጋሼ ኃይለ መስቀል መሪውን እንደያዙ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«እንግዶችህ ውሃውን አላዩም።»

ኑዕማን መስኮቱን እያየ ነበር።

«አድርግ አላልኩህም» አሉ። «እኔ እንደሆንኩ አፌን ይዣለሁ ለማለት ነው። የእናንተን ሥርዓት የእናንተ ሰው ያውቃል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሥጋው የማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ቀይ፣ ንጹሕ፣ የሚያምር ሥጋ። አሕመድ ከፈጅር በኋላ ቴክስት ልኳል፤ «ነጂባ አዋዜ እየሠራች ነው። ልጆቹ አጋዘን እንበላለን ብለው አላስተኙንም።» ነጂባ ሚስቱ ናት። ኑዕማን ቢላዋውን አነሣ። ቆረጠ። በጠባቡ፣ ለጥብስ። ሽንኩርት አወጣ። ማንም አላየም። አጋዘን ምን ጊዜም አጋዘን ነው፤ ማን ምኑን ይለየዋል? ነገ ይህ ክፍል በሰው ይሞላል፤ ጫማ በሩ ላይ ይቆለላል፤ አንዱ «ጨው አነሰው» ይላል፣ ሌላው ይቆጣዋል፤ አሕመድ ትከሻውን ይይዘዋል።

ከዚያ የነጂባን ልጆች አሰባቸው። በትንንሽ ጣታቸው ከእሱ ሳህን ሲያነሡ፣ በሉ ብሎ ሲያጎርሳቸው። በማያውቁት።

ቢላዋውን አስቀምጦ እጁን ታጠበና ደወለ።

«አሕመድ፣ ሥጋው አይበላም» አለ። ሁሉንም ነገረው። ሥጋው ሳይኖር አለ ብሎ እንደነበረም ነገረው።

አሕመድ በወዲያኛው ጫፍ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው።

«ሰጠመ? አጋዘኑ ሰጠመ? አንተ ሰውዬ፣ ጀልባ ልናዋጣልህ ይገባ ነበር እኮ!» ሳቁ ሲበርድለት ድምፁ ለሰለሰ። «ኦኬ፣ ኦኬ። ጥሩ አደረግክ። አላህ ይውደድልህ። በቃ ለሰዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። ሌላ ጊዜ ኢንሻ አላህ።»

«ግን እሑድ…» አለ ኑዕማን።

«አታስብ፣ አታስብ! ኮል አደርግሃለሁ» ብሎ አሕመድ ዘጋ።

ኑዕማን ስልኩን ይዞ ቆመ። ግን እሑድ ኑ፤ ሽሮ እሠራለሁ፣ ምስር እሠራለሁ፣ ወንበር አለ ሊል ነበር። መልሶ ሊደውል አሰበ። ግን ሥጋ ብሎ ጠርቶ ሽሮ ብሎ መለመን አፉ ላይ ከበደው። ይህን የመሰለ ከባድ ነገር ለመወርወር በጣም መቅረብ ያስፈልጋል፤ አሕመድ ደግሞ ሩቅ ነበር።

ሥጋውን ሰብስቦ ወደ ላይ ወጣ። ዶሎረስ ጥቅሉን ገልጣ አየችና ዓይኗ በራ። «የአጋዘን ሥጋ! ባሌ ከሞተ ወዲህ የአጋዘን ሥጋ በዚህ በር ገብቶ አያውቅም። አንተስ?»

«እኔ አልበላውም» አለ። ውሃ ውስጥ እንደተገኘም ነገራት። እሷ በዚያ በኩል ምንም ችግር አልታያትም።

እሑድ ዕለት ኑዕማን ሽሮም ምስርም ሠራ። ለምን እንደሠራ አላወቀም። ከኮሎምቢያ ሲቲ የገዛውን እንጀራ ትልቁ ትሪ ላይ ዘረጋ፤ ወንበሮቹን ዙሪያውን ደረደረ፤ ተቀመጠ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ከላይ ኮቴ ተሰማ፣ የድስት ክዳን ተሰማ፣ ከዚያም በጣሪያው ስንጥቅ የሥጋው ሽታ ወረደ። ለእንግዶች ያሰበው ምሳ ከራሱ በላይ እየበሰለ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ፈጥኖ ከፈተ።

ጋሼ ኃይለ መስቀል ናቸው። ካፖርታቸው ረጥቧል።

«ቀስቶቼን ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉ። ወደ ውስጥ አዩ። ትሪውን አዩ፤ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አዩ። የቀሩትን እንግዶች አልጠየቁም። ጫማቸውን አወለቁ።

«ቅቤ አለበት?»

«ዘይት ነው።»

«ይህን ሁሉ ወንበር ያመጣኸው ለእኔ ነው?» ብለው መሃለኛው ላይ ተቀመጡ። ጎረሱ። «ጨው አነሰው።»

ኑዕማን ጨው ሊያመጣ ሲነሣ በሩ እንደገና ተንኳኳ። ዶሎረስ ነበረች፤ ሁለት እጇ ላይ ክዳን ያለው ሳህን ይዛለች፤ እንፋሎቱ መነጽሯን ሸፍኖታል።

«ለእንግዶችህ» አለች። ወደ ውስጥ አየች፤ እንግዳው አንድ ብቻ ነው።

ሁለቱ ሰዎች ሳህኑን አዩ። አንዱ ጾም ነው፤ ለሌላው አይሆንም። ኑዕማን ወደ ጎን ዞር ብሎ መንገድ ሰጣት።

«ግቢ» አላት። «ቁጭ በይ። ወንበሮቹ ያንቺ ናቸው።»

ዶሎረስ ገብታ ተቀመጠች። ሳህኑን ትሪው ጠርዝ ላይ፣ ከእንጀራው እንዳይነካ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ኑዕማን አስቀመጠላት፤ ሹካም ሰጣት። በሉ። ኑዕማንና ጋሼ ኃይለ መስቀል ሽሮውን፣ ዶሎረስ ሥጋውን። የኑዕማን አጋዘን በመጨረሻ እገበታው ላይ ቀርቦ ነበር፤ የምትበላው ግን አንዲት አሮጊት ብቻ ናት። በእነሱና በግድግዳው መካከል ባዶዎቹ ወንበሮች ቆመዋል። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል።

ዶሎረስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ደጋን፣ ከሥሩም የተደገፉትን ወፋፍራም ቀስቶች ስታይ ቆየች።

«ሲመታ ሩቅ ነበር?» አለችው።

ኑዕማን ጉርሻውን እንደያዘ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ።

«አዎ» አለ። «ሩቅ ነበር።»